ኤስኤም-3 ብሎክ 2ኤ፦ አሜሪካና ጃፓን ሥራውን እንዴት ተከፋፈሉት? የከሸፉት ሙከራዎችስ ምናቸው ላይ ነው የከሸፉት?

ራዳር_ጠባቂ (ክሩን የከፈተ)

በሌላ ክር ላይ «ጃፓን የሠራችው ነገር የለም፣ የአሜሪካን ሚሳኤል ገዝታ ነው» የሚል ሐሳብ ስለተደጋገመ ጉዳዩን ለብቻው ከፍቼዋለሁ። የማወራው ከመርከብ ተወንጭፎ ባሊስቲክ ሚሳኤልን ከከባቢ አየር ውጭ ስለሚመታው ኤስኤም-3፣ በተለይ ብሎክ 2ኤ ስለሚባለው ሥሪቱ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ኦገስት 31 ቀን 1998 ነው። ሰሜን ኮሪያ ቴፖዶንግ-1ን አስወነጨፈች፤ ሮኬቱ በጃፓን አናት ላይ አልፎ ፓስፊክ ውስጥ ገባ። በዓመቱ፣ ኦገስት 1999፣ ዋሽንግተንና ቶኪዮ የጋራ ምርምር ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ ጠባብ ነበር። ሙሉ ሚሳኤል እንሥራ አላሉም፤ አራት ክፍሎችን ብቻ መረጡ፦ የጫፉን ሽፋን፣ ኢላማ ፈላጊውን የኢንፍራሬድ ሲከር፣ በግጭት የሚያፈርሰውን ዋርሄድ (የሚሳኤሉን መምቻ ጫፍ) እና የሁለተኛ ደረጃውን፣ ማለትም በተራ ከሚነድዱት ክፍሎች የሁለተኛውን፣ ሞተር። ወደ ልማት የተገባው ቶኪዮ ዲሴምበር 2005 ላይ ከወሰነች በኋላ በ2006 ነው።

በልማቱ ጊዜ ክፍፍሉ እንዲህ ሆነ። ጃፓን በሚትሱቢሺ ሄቪ ኢንደስትሪስ መሪነት የጫፉን ሽፋን፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ደረጃ ሞተሮችን፣ የሁለተኛ ደረጃውን መሪ ክንፎች የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል እና ደረጃዎቹን የሚያለያየውን መጋጠሚያ ወሰደች። አሜሪካ በሬይቲዮን ኩባንያ በኩል ዋርሄዱን ከነሲከሩ፣ ኤምኬ-72 ቡስተሩን (መጀመሪያ ነድዶ ሚሳኤሉን የሚያስነሣውን የታችኛውን ሞተር) እና አጠቃላይ ቅንጅቱን ያዘች። መጨረሻ ላይ የሚገጣጠመው አላባማ፣ ሀንትስቪል ውስጥ ነው።

ስለዚህ «ገዝታ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ ያልኩት ለምን እንደሆነ ወደታች ይመጣል።

ጠጣር_ነዳጅ

ጥሩ ተከፍቷል። ሞተሩ ላይ ልጨምር፣ ምክንያቱም የብሎክ 2ኤ ቁም ነገር እዚያ ነው።

የቀደሙት ብሎክ 1ኤ እና 1ቢ ቡስተራቸው 53 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር አለው፤ ከቡስተሩ በላይ ያለው አካል ግን 34 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ብሎክ 2ኤ ከታች እስከ ላይ 53 ነው። 53ን ለ34 አካፍላችሁ ውጤቱን በራሱ አባዙት፤ 2.4 ገደማ ይመጣል። በተመሳሳይ ርዝመት የሚገባው ጠጣር ነዳጅ በዚያ እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። ነዳጁ ካለቀ በኋላ የሚደረስበት ፍጥነት በሰከንድ ከ3 ኪሎ ሜትር ወደ 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ አለ የሚባለውም ለዚህ ነው። ፍጥነት ሲጨምር አንዲት መርከብ የምትጠብቀው ስፋት ይጨምራል፤ ጃፓን መላ ደሴቶቿን በጥቂት መርከብ ልሸፍን ካለች ይህን ከመፈለግ ውጭ ምርጫ አልነበራትም።

ለምን 53 ላይ ቆመ? ኤምኬ-41 የሚባለው የመርከብ ማስወንጨፊያ እያንዳንዱ ጉድጓድ ጎኑ 63.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነው። ሚሳኤሉ በብረት ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ነው የሚገባው፤ ሳጥኑና ክንፎቹ የሚይዙት ቦታ ሲቀነስ 53 ጣሪያው ነው። ርዝመቱም 6.55 ሜትር ላይ ነው የተያዘው። ከዚህ ያለፈ ሚሳኤል ማለት አዲስ ማስወንጨፊያ፣ አዲስ መርከብ ማለት ነው። መሐንዲሶቹ የተሰጣቸው ጉድጓድ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ከሱ ወደ ኋላ አሰሉት።

ሦስተኛው ደረጃ ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው አስቸጋሪ ክፍል ነው። ሁለት ጊዜ ነው የሚነድደው። አንደኛው ቃጠሎ ያልቅና ሚሳኤሉ ለአፍታ ያለ ሞተር ይሄዳል፤ በዚያ እረፍት ውስጥ ከራዳር አዲስ መረጃ ተቀብሎ አቅጣጫውን ያስተካክላል፤ ከዚያ ሁለተኛው ይቀጣጠላል። በሁለቱ መካከል ያለው መለያ ሽፋን የመጀመሪያውን ሙቀት ችሎ ቆይቶ፣ በታዘዘበት ቅጽበት ደግሞ መሰበር አለበት። ብሎክ 1ቢ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2011 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር የከሸፈው እዚሁ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነው። መፍትሔ ተብሎ በሁለቱ ቃጠሎዎች መካከል ያለው እረፍት ተራዘመ። በሴፕቴምበር 2013 ሁለት ሚሳኤል ተከታትለው ሲተኮሱ የመጀመሪያው መታ፣ የሁለተኛው ሦስተኛ ደረጃ ግን ተበላሸ። ከዚያ በኋላ የጭስ መውጫ አፉን የኋላ ክፍል እንደገና መንደፍ ግድ ሆነ።

ሊያ_ከሃይፋ

አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። አንድ ጥያቄ፦ በኤፕሪል 2024 ኢራን ስትተኩስ የአሜሪካ መርከቦችም ተኩሰዋል ተብሎ ነበር። ይሄው ሚሳኤል ነው? ወይስ ቀይ ባሕር ላይ የሁቲዎቹን የሚመቱበት?

ራዳር_ጠባቂ

እህቴ፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ከኤፕሪል 13 ለ14 አጥቢያ «አርሊ በርክ» እና «ካርኒ» የተባሉት ዲስትሮየሮች ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን የተኮሱት ከኤስኤም-3 ቤተሰብ ነበር። ኤስኤም-3 በእውነተኛ ጦርነት ሲተኮስ ያ የመጀመሪያው ነው። ኦክቶበር 1 ቀን 2024 ደግሞ «በልክሊ» እና «ኮል» ወደ ደርዘን የሚጠጋ አክሻፊ ሚሳኤል ተኩሰዋል። የኢራኖቹ ረጅም ርቀት ስለሚሄዱ መሐል መንገዳቸው ላይ ከከባቢ አየር ይወጣሉ፤ ለኤስኤም-3 የሚመች ኢላማ ነው።

ቀይ ባሕር ላይ ግን ድሮኑን፣ ክሩዝ ሚሳኤሉንና መርከብ የሚያሳድደውን አጭር ባሊስቲክ የሚመቱት ኤስኤም-2 እና ኤስኤም-6 ናቸው። እነሱ አየር ውስጥ በክንፍ እየተመሩ ሄደው በፈንጂ ነው የሚያፈርሱት። ኤስኤም-3 ፈንጂ የለውም። ሲከሩም አየር ውስጥ ሊሠራ አይችልም፤ በዚያ ፍጥነት አየሩ የሚፈጥረው ሙቀት የኢንፍራሬድ አይኑን ያሳውረዋል። የጫፉ ሽፋን ወፍራም አየር እስኪታለፍ የማይከፈተው ለዚህ ነው።

ቤቲ_ኤሮ

ሽፋኑን ካነሳህ አይቀር፣ የጃፓን ትልቁ የመጀመሪያ አስተዋፅኦ እሱ ነበር። የድሮው ሽፋን የሚወልቀው ሚሳኤሉ ራሱ ጎንበስ ብሎ፣ ሽፋኑን ወደ ጎን ጥሎ፣ ተመልሶ አቅጣጫውን ሲይዝ ነው። በዚህ መሐል ጊዜም የአቅጣጫ ማስተካከያ ጋዝም ይባክናል። የጃፓኑ ንድፍ እንደ ቅርፊት ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ይወድቃል፤ ሚሳኤሉ መጎንበስ አያስፈልገውም። ማርች 2006 ላይ ከሃዋይ ባሕር «ሌክ ኢሪ» ከተባለችው ክሩዘር ተተኩሶ ተሞከረ፤ ኢላማ አልነበረም፣ የሚፈለገው ሽፋኑ በትክክል መከፈቱ ብቻ ነበር።

ለጋራ ሥራ ትምህርት የሚሆነው ይህ ይመስለኛል። አንድ ክፍል፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ሙከራ። ጃፓኖቹ ሽፋኑን ሠርተው ያመጡት አሜሪካኖቹ ባላቸው ሚሳኤል ላይ እንዲገጠም ነው፤ ቢከሽፍ ጥፋቱ የት እንደሆነ አያከራክርም።

ተጠራጣሪው

ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል፣ ግን ማስታወቂያ እንዳይሆን እሰጋለሁ። የብሎክ 2ኤ ሙከራዎችን በተርታ ብናይ? እስከማውቀው በመጀመሪያዎቹ ሦስት የኢላማ ሙከራዎች ሁለቴ ስቷል። ከሦስት አንድ ለሚመታ ነገር ነው ያ ሁሉ ገንዘብ?

የሙከራ_ሜዳ

ትክክል ነህ፣ ቁጥሩ እንዲህ ነው። ግን እያንዳንዱ ለምን እንደከሸፈ ሳይታይ ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል።

በ2015 ካሊፎርኒያ ባሕር ላይ ያለ ኢላማ ሁለት ጊዜ በረረ፣ በጁን እና በዲሴምበር። የሚታየው ደረጃዎቹ መለያየታቸው፣ ሽፋኑ መከፈቱ፣ መሪ ክፍሉ መታዘዙ ነበር።

ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2017 «ጆን ፖል ጆንስ» ከሃዋይ አጠገብ ተኩሳ መካከለኛ ርቀት ባሊስቲክ ኢላማ መታች።

ጁን 21 ቀን 2017 እዚያችው መርከብ ላይ ከሸፈ። ሚሳኤሉ ግን ምንም አልሆነም። ዳታ ሊንኩን (የኢላማ መረጃ የሚለዋወጡበትን መስመር) የሚቆጣጠረው መርከበኛ ኢላማውን በስህተት «ወዳጅ» ብሎ መዘገበው፤ ስርዓቱ ወዳጅ ላይ አልተኩስም ብሎ በአየር ላይ ያለውን ሚሳኤል እንዲፈነዳ አዘዘ። ስርዓቱ የሠራው የተነደፈበትን ነው።

ጃንዋሪ 31 ቀን 2018 ሃዋይ፣ ካዋይ ደሴት ካለው የመሬት ማስወንጨፊያ ተተኮሰ፤ ሦስተኛው ደረጃ አልተቀጣጠለም። ችግሩ የተገኘው የማቀጣጠያውን ደህንነት ጠብቆ በትእዛዝ የሚለቀው ትንሽ መሣሪያ ላይ ነው።

ኦክቶበር 26 ቀን 2018 «ጆን ፊን» ተኩሳ መታች። ዲሴምበር 10 ቀን 2018 ከካዋይ የመሬት ማስወንጨፊያ፣ ከሲ-17 አውሮፕላን የተጣለውን የበለጠ ርቀት ያለው ኢላማ መታ። ኖቬምበር 2020 «ጆን ፊን» ፓስፊክ ውስጥ ካለችው ኩዋጃሊን ደሴት የተነሣውን አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል አምሳያ ኢላማ መታች።

እንግዲህ እዩት፦ አንዱ ሲከሽፍ ሰው ነው፣ ሌላው ሲከሽፍ የማቀጣጠያ ዕቃ ነው። ሁሉም ሰው «በጠፈር ላይ መምታት ይቻላል ወይ?» ብሎ የሚከራከርበት ክፍል፣ ማለትም ሲከሩና ዋርሄዱ፣ በሁለቱም ሙከራ ተራው እንኳ አልደረሰውም።

የድሮዎቹም ይመሳሰላሉ። ዲሴምበር 2006 «ሌክ ኢሪ» ሁለት ሚሳኤል ልትተኩስ ነበር፤ በስርዓቱ ውስጥ አንድ ቅንብር በስህተት ስለተሞላ ሚሳኤሎቹ ከጉድጓዳቸው አልወጡም። የሚያስቀው፣ ለመታዘብ የመጣችው የኔዘርላንድስ ፍሪጌት «ትሮምፕ» በተሻሻለው ራዳሯ ኢላማውን በሚገባ ተከትላዋለች። ከዋናው ተዋናይ ይልቅ እንግዳዋ ሥራዋን ጨርሳ ሄደች።

ጋሼ_ካፒቴን

ልጆቼ፣ ስለ ጃፓን መርከቦች ሙከራ ማንም አላነሳም። አራቱ የኮንጎ ክፍል መርከቦች በተራ ሃዋይ ሄደው ነው ብሎክ 1ኤን የሞከሩት። «ኮንጎ» ዲሴምበር 17 ቀን 2007 መታች። «ቾካይ» ኖቬምበር 2008 ሳተች። «ሚዮኮ» ኦክቶበር 2009፣ «ኪሪሺማ» ኦክቶበር 2010 መቱ። ቾካይ ላይ ምን እንደሆነ የሚያስረዳ አለ?

የሙከራ_ሜዳ

ጋሼ፣ ጥሩ አነሱት። መጀመሪያ የኮንጎን ላስቀምጥ፣ ምክንያቱም የአንድ ሙከራ ደቂቃዎች ግልጽ ሆነው የሚታዩት እሷ ላይ ነው። በሃዋይ ሰዓት ከቀኑ 12፡05 (በኛ 6፡05 መሆኑ ነው) ኢላማው ከካዋይ፣ ባርኪንግ ሳንድስ ካለው የፓስፊክ የሚሳኤል ሜዳ ተነሣ። የመርከቧ ራዳር አገኘው፣ ኮምፒውተሩ አቅጣጫውን አሰላ። 12፡08 ላይ ኮንጎ ተኮሰች። ሦስት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ከባሕሩ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተጋጩ። ከመነሻ እስከ ግጭት ስድስት ደቂቃ።

ቾካይ ላይ ፈተናው ተጠንክሮ ነበር፤ ኢላማው የሚነሣበት ሰዓት ለባሕረኞቹ አልተነገራቸውም። እነሱ ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። ሚሳኤሉም ሦስቱን ደረጃ ጨርሶ፣ ዋርሄዱ ተለይቶ፣ ኢላማውን አይቶ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ዋርሄዱን ወደ ጎን የሚገፋው የትንንሽ ሞተሮች ስርዓት ተበላሸና ኢላማውን አጣው። ከላይ «ሲከሩና ዋርሄዱ ተራ አልደረሳቸውም» ያልኩት ስለ ብሎክ 2ኤ ሁለት ክሽፈቶች ነው፤ ቾካይ ላይ ደርሶ ነው የጠፋው።

የሙከራውን ዝግጅት ለማያውቁ፦ ሙከራ ላይ የሚተኮሰው ሚሳኤል ከተራው በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ በየቅጽበቱ የውስጡን ሁኔታ በሬዲዮ የሚልክ መሣሪያ ይገጠምለታል። ሁለተኛ፣ ከመስመር ከወጣ ከምድር በትእዛዝ የሚፈነዳበት ስርዓት አለው። ቀደም ብሎ ለመርከቦችና ለአውሮፕላኖች የተዘጋው ቀጠና ይታወጃል። ቀጠናው ሲሰላ የሚታየው ሚሳኤሉ የሚያልፍበት ብቻ አይደለም፤ ቡስተሩ፣ ሁለተኛው ደረጃ፣ የሽፋኑ ሁለት ግማሾች፣ ከግጭቱ የሚበተነው ፍርስራሽ እያንዳንዱ የራሱ መውደቂያ አለው። አንዲት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ከገባች ቆጠራው ይቆማል። የከፍታ ነፋስ ካየለም እንዲሁ። የመረጃ መቀበያዎቹ ሁሉ ዝግጁ ካልሆኑም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ያልተቀዳ ክሽፈት ምንም አያስተምርም።

ቤቲ_ኤሮ

ስለ መጨረሻዎቹ ሰከንዶች በቁጥር ላሳያችሁ። ዋርሄዱና ኢላማው በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር እየተቀራረቡ ነው እንበል። በሺኛ ሰከንድ 6 ሜትር ማለት ነው።

አሁን ዋርሄዱ 100 ሜትር ወደ ጎን ሊስት መሆኑን ያወቀው 10 ሰከንድ ሲቀረው ከሆነ፣ የሚያስፈልገው የጎን ግፊት በሰከንድ በሰከንድ 2 ሜትር ነው፤ ቀላል። 2 ሰከንድ ሲቀረው ካወቀ 50 ይሆናል። 1 ሰከንድ ሲቀረው ካወቀ 200፤ ከመሬት ስበት ሃያ እጥፍ። ጊዜው በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ በአራት እጥፍ ይጨምራል። ለዚህ ነው ሲከሩ ከሩቅ ማየቱ ከሞተሩ ጉልበት የማይተናነሰው። ብሎክ 1ቢ ላይ ሲከሩ በሁለት የኢንፍራሬድ ቀለም እንዲያይ የተደረገውና የጎን ግፊቱ በአሥር ትንንሽ አፎች ጉልበቱ ከፍና ዝቅ እንዲል ሆኖ የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው።

ፈንጂ የለውም ሲባል ደግሞ ደካማ አይምሰላችሁ። በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር አንድ ኪሎ ግራም ክብደት 18 ሜጋጁል ጉልበት ይይዛል፤ አንድ ኪሎ ቲኤንቲ 4.2 ሜጋጁል ገደማ ነው። ፈንጂ ቢጨምሩበት ትርፉ ክብደት ብቻ ነው።

ተጠራጣሪው

ሒሳቡ አልገባኝም ብዬ አላፍርም፣ ግን እሺ። ጥያቄዬን ላሻሽል፦ የ2020ው ሙከራ «አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል መታ» ተብሎ ተወራ። ኢላማው የት እንደሚነሣ ታውቋል፣ በየት እንደሚያልፍ ታውቋል፣ መርከቧ በመንገዱ ተቀምጣለች። ጠላት እንዲህ ይተባበራል? ማታለያ ፊኛ ቢለቅስ?

ራዳር_ጠባቂ

ይህ ትክክለኛ ትችት ነው፤ አልከራከርህም። ከከባቢ አየር ውጭ አየር ስለሌለ ቀላል ፊኛና ከባድ ዋርሄድ እኩል ይንሳፈፋሉ፤ መለየት የሲከሩና የራዳሩ ሸክም ነው፣ የዚህ መንገድ ሥር የሰደደ ድክመትም እሱ ነው። ብሎክ 2ኤ የተነደፈው ለመካከለኛ ርቀት ነው፤ የ2020ው ሙከራ አሜሪካ ምክር ቤት «ከዚህ በላይ ይችላል ወይ? ሞክሩት» ብሎ በሕግ ስላዘዘ የተደረገ ነው። መቻሉን አሳየ፣ አገር ይጠብቃል ግን አላለም።

እኔ የዚያን ሙከራ ዋጋ የማየው ሌላ ቦታ ነው። መርከቧ ኢላማውን በራሷ ራዳር ሳትጠብቅ፣ ከሌሎች ዳሳሾች በመጣ መረጃ ነው የተኮሰችውም ሚሳኤሉን የመራችውም። ሁለት ደረጃዎች አሉ፣ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። በመጀመሪያው፣ የሩቅ ራዳር መረጃ መርከቧ ቀድማ እንድትተኩስ ይረዳታል፤ መሐል ላይ ግን የራሷ ራዳር ኢላማውን አግኝቶ መቀበል አለበት። ኤፕሪል 2011 «ኦኬን» ያደረገችው ይህን ነው፤ ራዳሩ ዌክ ደሴት ላይ ነበር። በሁለተኛው፣ እስከ መጨረሻው ድረስ የሩቁ መረጃ ይበቃል፤ የመርከቧ ሥራ ለሚሳኤሉ ማስተላለፍ ብቻ ነው። 4.5 ኪሎ ሜትር በሰከንድ የሚሄድ ሚሳኤል ከመርከቧ ራዳር አድማስ በላይ መድረስ ስለሚችል፣ ያለ ሁለተኛው መንገድ ከፍጥነቱ ግማሹ ትርፍ ይባክናል።

ሮተርዳም_ልጅ

አውሮፓ የምትገባው እዚህ ጋ ነው። ኔዘርላንድስ ኤስኤም-3 የላትም። ያላት ስማርት-ኤል የሚባል የረጅም ርቀት ራዳር ነው፣ አራቱ የደ ዜፈን ፕሮቪንሲየን ፍሪጌቶች ላይ። ሐሳቡ እኛ እናያለን፣ እናንተ ትተኩሳላችሁ ነው። ኦክቶበር 2015 ስኮትላንድ ውስጥ ሄብሪዲስ ሜዳ ላይ «ሮስ» ተኩሳ ባሊስቲክ ኢላማ መታች፣ አውሮፓ ውስጥ የመጀመሪያው። በ2021 «ፎርሚደብል ሺልድ» ልምምድ ላይ ደግሞ «ደ ዜፈን ፕሮቪንሲየን» ያገኘችውን ዱካ (ራዳር የሚከታተለውን የኢላማውን ቦታና አቅጣጫ) ተቀብላ «ፖል ኢግናሺየስ» ተኮሰች።

በተግባር የሚያስቸግረው ራዳሩ አይደለም፣ ዱካው ነው። የኔ ራዳር «እዚህ አለ» ሲል የስህተቱ መጠን ስንት ነው? ሰዓቶቻችን በስንት ሚሊሰከንድ ይለያያሉ? በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር የሚሄድን ነገር የ100 ሚሊሰከንድ የሰዓት ልዩነት በ300 ሜትር ያስታል። አንድን ኢላማ ሁለት መርከብ በሁለት ቁጥር ቢመዘግበው ሁለት ኢላማ ሆኖ ይታያል፤ አንዱ «ወዳጅ» ቢባል ምን እንደሚመጣ ከላይ በ2017ቱ አይታችኋል። የልምምዱ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው ሳይተኮስ፣ እነዚህን በማጥራት ነው።

አንባቢ_ብቻ

ቶናው ላይ ደርሻለሁ፣ በረካው ሳይቀዳ ቀጥሉ 😄

ጠጣር_ነዳጅ

ራዳር_ጠባቂ «ግማሽ እውነት ነው» ብለህ ጀምረህ ነበር፣ ሌላውን ግማሽ ረሳኸው።

ራዳር_ጠባቂ

አልረሳሁም፣ ተራው ደረሰ።

ጃፓን የሚሳኤሉን ሁለት ሞተርና ሽፋን ትሠራለች፣ ለልማቱ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ አውጥታለች። ሙሉውን ሚሳኤል ስትፈልግ ግን በአሜሪካ መንግሥት የውጭ ወታደራዊ ሽያጭ በኩል እንደማንኛውም ደንበኛ ነው የምትገዛው። ጃንዋሪ 2018 አሜሪካ አራት ብሎክ 2ኤ በ133.3 ሚሊዮን ዶላር እንዲሸጥላት ፈቀደች። ኦገስት 2019 ደግሞ 73 ሚሳኤል ከነድጋፉ እስከ 3.3 ቢሊዮን። የመጨረሻ መገጣጠሚያው አላባማ ስለሆነ የጃፓን ሞተር ፓስፊክን አቋርጦ ሄዶ ሚሳኤል ሆኖ ይመለሳል።

ሕጉም ቀላል አልነበረም። ጃፓን ከ1967 ጀምሮ የጦር መሣሪያ ወደ ውጭ ላለመላክ መርህ ነበራት፣ በ1976 ጠበቀ። በ1983 ለአሜሪካ ቴክኖሎጂ ማስተላለፍ ብቻ ተፈቀደ፤ በ2004 መጨረሻ የሚሳኤል መከላከያ የጋራ ልማት ከክልከላው ወጣ። ከዚያም «አሜሪካ ይህን ሚሳኤል አውሮፓ ላይ ብታሰማራውስ?» የሚል ጥያቄ መጣ፤ ውስጡ የጃፓን ዕቃ አለና። ጁን 2011 ቶኪዮ ሁኔታው ተጠንቶ ለሦስተኛ ወገን ሊተላለፍ እንደሚችል ተስማማች። ይህ ባይፈታ ኖሮ ሚሳኤሉ የሁለት አገር ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። የጋራ ልማት የሚያስቡ ሁሉ ይህን አንቀጽ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ቢጽፉት ይሻላቸዋል።

ጋሼ_ካፒቴን

መሬት ላይ ሊተክሉት የነበረውስ? በአንድ ዕቃ ምክንያት ነው የቀረው ሲባል ሰምቻለሁ።

ጠጣር_ነዳጅ

በቡስተሩ ነው ጋሼ። ኤምኬ-72 ስድስት ሰከንድ ያህል ነድዶ ይወድቃል። ከመርከብ ሲተኮስ ባሕር ውስጥ ስለሚገባ ማንም አይጠይቅም። ጃፓን በያማጉቺ ሙትሱሚ እና በአኪታ መሬት ላይ ልትተክል አስባ ነበር። ለሙትሱሚ ነዋሪዎች ባዶ ቡስተሩ ከማሠልጠኛው ግቢ ውጭ እንደማይወድቅ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ባዶውን እንኳ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ሲጣራ ይህን ለማረጋገጥ ሶፍትዌር ማስተካከል አይበቃም፣ ሚሳኤሉ ራሱ መለወጥ አለበት ሆነ፤ ግምቱ ወደ 200 ቢሊዮን የን እና ከአሥር ዓመት በላይ። ጁን 2020 የመከላከያ ሚኒስትሩ ኮኖ ታሮ አስቆሙት። ራዳሩ ታዝዞ ስለነበር፣ ኤስፒዋይ-7 የተባለውን በሁለት ትልልቅ መርከቦች ላይ ለመጫን ተወሰነ፤ እያንዳንዳቸው 128 የማስወንጨፊያ ጉድጓድ ይኖራቸዋል።

ቡስተሩ በሥራ ክፍፍሉ የአሜሪካ ድርሻ ነበር፣ ከድሮ ሚሳኤል የተወሰደ፣ ማንም ያልነካው። ለውቅያኖስ የተነደፈ ዕቃ ወደ ሩዝ ማሳ አጠገብ ሲመጣ ግን ማንም ያልጻፈው መስፈርት ብቅ አለ።

ተጠራጣሪው

ይህኛው አሳመነኝ፣ ቢያንስ ችግራቸውን በግልጽ ተናግረው አቆሙ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አሁን ደግሞ ለሃይፐርሶኒክ፣ ከድምፅ ከአምስት እጥፍ በላይ ለሚፈጥነው መሣሪያ፣ ማክሸፊያ አብረን እንሠራለን ብለዋል። ይሄን ተሞክሮ ተምረውበታል?

ቤቲ_ኤሮ

ክፍፍሉን ስታየው የተማሩ ይመስላል። ኦገስት 2023 ካምፕ ዴቪድ ላይ ታወጀ፣ ሜይ 2024 ስምምነቱ ተፈረመ፣ ሴፕቴምበር 2024 ከአሜሪካ በኩል ኖርዝሮፕ ግራማን የተባለው ኩባንያ ተመረጠ። ጃፓን እንደገና ሞተሮችንና የግፊት ክፍሎችን ነው የያዘችው፤ የምታውቀውን ሥራ፣ በምታውቀው መጋጠሚያ። ማስወንጨፊያውም ያው ኤምኬ-41 ነው፣ ስለዚህ የጉድጓዱ ስፋት እንደገና ጣሪያው ይሆናል።

ከባዱ ነገር ግን ሌላ ነው። ተንሸራታቹ ሃይፐርሶኒክ ለኤስኤም-3 ዝቅ ያለ፣ ለኤስኤም-6 ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚበርረው። አየር አለ፣ ስለዚህ ሲከሩ በሙቀት ይፈተናል፤ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ክንፍ ብቻውን አያዞርም። ኢላማው ደግሞ ይታጠፋል፤ ባሊስቲክ ሚሳኤል አንዴ ነዳጁ ካለቀ የት እንደሚወድቅ ይሰላል፣ ይህኛው አይሰላም። በኤስኤም-3 ላይ 10 ሰከንድ ሲቀር 100 ሜትር ማረም ቀላል ነው ብዬ ነበር፤ እዚህ ግን ያንን ካረምክ በኋላ ኢላማው እንደገና ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ትርፍ ጉልበት እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ተይዞ መቆየት አለበት፣ ያ ደግሞ ተመልሶ የሞተሩ ጥያቄ ነው።

የሙከራ_ሜዳ

የሙከራ ኢላማውም ችግር ነው። ለባሊስቲክ ሚሳኤል ኢላማ የሚሠራው ከተቀመጡ ሞተሮች ላይ አዲስ ጫፍ በመግጠም ነው። ለሚንሸራተት ኢላማ ግን መጀመሪያ የሚንሸራተት ነገር ራስህ መሥራት አለብህ። እሱ ደግሞ በየሙከራው ይቃጠላል፣ የተዘጋው ቀጠናም ኢላማው ሊታጠፍ የሚችልበትን ሁሉ ማካተት ስላለበት ከካዋይ ዙሪያ ካለው እጅግ ይሰፋል። አገልግሎት ላይ የሚውልበት ጊዜ ወደ 2030ዎቹ አጋማሽ ሲባል አትደነቁ። የመጀመሪያው ዜና «መታ» የሚል አይሆንም፤ ያለ ኢላማ በረረ፣ ደረጃዎቹ ተለያዩ የሚል ነው የሚሆነው፣ ልክ በ2015 ካሊፎርኒያ ላይ እንደነበረው።